«አንቺ ጋ ያለች መስሎኝ» - የእንቁጣጣሽ ሽርሽር በአንድነት ፓርክ

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ከልጆች አፍ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። «ዘንድሮ የት ትወስዱናላችሁ?» የሚል ነው። እኛ ልጆች ሳለን መልሱ ወላጆቻችንን አያስቸግርም ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ በበዓል ቀን የሚናፍቀው በ1940 ዓ.ም. የተቋቋመውን የስድስት ኪሎውን አንበሳ ግቢ ነበር፤ አንበሳውን አይቶ፣ ከተሳካለትም ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመለሳል። የዛሬ ልጆች ምርጫቸው ሰፍቷል። የእኛዎቹ በአንድ ድምፅ የመረጡት አንድነት ፓርክን ነው።

ለሠራተኛ እናት ግን የበዓል ሽርሽር የሚጀምረው ከፓርኩ በር ሳይሆን ከዋዜማው ማጀት ነው። ከመሥሪያ ቤት ተመልሼ ዶሮው ታጥቦ፣ ቁሌቱ በስሎ፣ ድፎው ወጥቶ ጋደም ያልኩት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ጠዋት አበባ ይዘው የሚዘፍኑት የሠፈር ልጃገረዶች ተሸኙ፤ ቡናው ተፈላ፤ ምሳው ተበላ። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሲሆን ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ሦስቱ ልጆቻችንና እኔ ስድስት ሆነን ከቤት ወጣን። የቤቱ ሁሉ አሳብ በእኔ ላይ ነበር፤ ውኃው፣ የልጆቹ ሹራብ፣ የአማቴ መድኃኒት፣ ዣንጥላው ሁሉ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ፓርኩ የሚገኘው በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት ይህ ግቢ ለአላፊ አግዳሚው በአጥሩ ሥር የሚታለፍ እንጂ የሚገባበት አልነበረም። ስለዚህም ነው በበዓል ቀን ከየአቅጣጫው የሚመጣው ቤተሰብ አያት ከልጅ ልጅ ጋር ሆኖ የሚሰለፈው። እኛም ሰልፋችንን ጠብቀን ገባን። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ በራስ እግር መሄድ ቀርቶ በሰው ግፊት መሄድ ነበር።

መጀመሪያ ያየነው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግብር ያበሉበት የነበረውን ታላቅ አዳራሽ ነው። እስከ 8,000 ሰው ያስተናግድ እንደነበር ይነገራል። ልጆቹ ቁጥሩን ሰምተው ሲደነቁ አማቴ ግን ጣሪያውን ቀና ብለው አዩና፣ «ያን ሁሉ ሰው ያጎረሰውስ የማን እጅ ነው? ስሟን የጻፈላት የለም እንጂ ስንት ሴት ስትፈጭ፣ ስትጋግር፣ ስትጠምቅ አድራ ይሆናል» አሉ። ሌሊቱን ያሳለፍኩት ከድስት ጋር ነበርና ንግግራቸው ልቤ ውስጥ ገባ። ከዚያ ጣሪያው እንቁላል የሚመስለውን እንቁላል ቤት አይተን፣ የየክልሉን ባህል በሚያሳዩት ቤቶች በኩል አልፈን፣ ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቋቸው ወደ ነበሩት ጥቁር ጎፈር አንበሶች ደረስን።

የሆነው ሁሉ የሆነው እዚህ ነው። ሰዉ ተደራርቦ ቆሟል። ባለቤቴ መካከለኛዋን ልጅ ትከሻው ላይ አውጥቶ ያሳያታል። እኔ ለአማቴ መቀመጫ እፈልጋለሁ። አንበሶቹን አይተን ጥቂት እልፍ እንዳልን እንደ ልማዴ ልጆቹን ቆጠርኩ። ሁለት ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ። ሁለት ናቸው።

«ትንሿስ?» አልኩት ባለቤቴን።

«አንቺ ጋ ያለች መስሎኝ!»

«እኔ እኮ ከእማማ ጋ ናት ብዬ ነው።»

አማቴ ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ ደግሞ ወንድሟ እጇን ይዟት ያየሁ መስሎኝ ልጄ» አሉ። ትልቁ ልጄ ምንም አልተናገረም፤ ዕንባ ብቻ ቀደመው።

አምስት ሰዎች አንዲትን የአምስት ዓመት ልጅ እየጠበቅን ነበር፤ ማንም ግን አልጠበቃትም። ባለቤቴ ወደ ኋላ፣ ትልቁ ልጄ ወደ ፊት ሮጡ። ይህም ሌላ ስሕተት ነበር፤ እሱንም መልሰን መፈለግ አስፈለገን። እኔ ወደ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ዘንድ ሄድኩ። «ምን ለብሳለች?» ሲለኝ፣ «ነጭ የሀበሻ ቀሚስ፣ ጥለቱ ቢጫ» አልኩት። ተናግሬ ዞር ስል በዙሪያዬ ያለችው ሴት ልጅ ሁሉ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ፣ ጥለቱ ቢጫ ለብሳለች። እንቁጣጣሽ ነዋ! በዚያን ጊዜ ጉልበቴ ከዳኝ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ከፈለግን በኋላ አገኘናት። ከአንበሶቹ አጠገብ፣ ትተናት ካለፍንበት ቦታ ብዙም ሳትርቅ፣ አንዲት የማላውቃት እናት እጇን ይዛት ቆማለች። በሌላው እጇ የራሷን ሕፃን አቅፋለች። «ልጅ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ ወደ ነበረበት ይመለሳል ብዬ ከዚህ አልተንቀሳቀስኩም» አለችኝ። ቀጥላም ፈገግ ብላ፣ «የእናትሽ ስም ማነው ብላት ‹እማዬ›፣ የአባትሽስ ብላት ‹አባዬ› አለችኝ» አለች። ምን ብዬ እንዳመሰገንኳት አላስታውስም።

ማታ ቤት ገብተን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለቤቴ ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ኋላም፣ «ሁልጊዜ አንቺ ታያለሽ ብለን ለምደናል» አለ። እኔም የራሴን ጥፋት አልሸሸግሁም። ሁሉን ነገር በራሴ ቦርሳ መያዝን ለምጃለሁ፤ «ይህንን አንተ ያዝ» ብዬ አላውቅም።

ውድ እኅቶች፣ ይህን የጻፍኩት ከሽርሽር እንድትቀሩ አይደለም። ልጆቻችን የአገራቸውን ታሪክ በዓይናቸው ማየት ይገባቸዋል፤ እኛም ከማጀት ወጥተን አየር መቀበል ይገባናል። ነገር ግን ሕዝብ ወደሚበዛበት ስፍራ ከመሄዳችን በፊት «ልጆቹን እንጠብቅ» ማለት አይበቃም፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ በስም ይነገር። ሕፃኑ የአባቱንና የእናቱን ሙሉ ስም ያጥና፤ ስልክ ቁጥሩም በወረቀት ተጽፎ ከቀሚሱ ውስጥ ይሰፋለት። ብንጠፋፋ የምንገናኝበት ቦታ እንደገባን ይመረጥ። ልጁም ሲጠፋ ከነበረበት እንዳይንቀሳቀስ ይነገረው።

እኛም ቤት ለሚቀጥለው በዓል ሥራው ተከፍሏል። ትንሿ የአባቷ ናት፤ መካከለኛዋ የእኔ። ትልቁ አያቱን ይይዛል፤ ዣንጥላውም የእሱ ነው። የዋዜማውን ሽንኩርት ደግሞ ባለቤቴ ይልጣል። ያንን የጠየቀው ራሱ ነው።