መኪናዋን ሳሪስ ትታችሁ ኑ

ከክፍለ ሀገር መኪና ይዞ የሚመጣ ዘመድ አላችሁ? እኔ አለኝ። እንዲህ ዓይነቱ እንግዳ ገና ከቤቱ ሳይነሳ ደውሎ የሚጠይቃችሁ ስለ መኝታ አይደለም፤ ስለ ምግብም አይደለም። "መኪና የት ይቆማል?" ነው ጥያቄው። ቅዳሜ ጠዋት ይገባል፣ እሁድ ከሰዓት ይመለሳል። መካከል ላይ ያለችውን አንድ ቀን ተኩል የምታሳልፏት ደግሞ እሱ መሪ እንደያዘ፣ እናንተ በመስኮት አንገታችሁን አውጥታችሁ "እዚያ ጋ ክፍት ቦታ አለ!" እያላችሁ ነው። ሰኞ ቢሮ ስትገቡ "ቅዳሜና እሁድ እንዴት ነበር?" ስትባሉ "እንግዳ መጥቶብኝ ከተማ ሳዞር ዋልኩ" ትላላችሁ። ማዞርማ አዙራችኋል። ማሳየት ግን ሌላ ሥራ ነው።

የእኔ ባለመኪና እንግዳ አጎቴ ናቸው። ጋሼ የሚኖሩት አዳማ ነው፤ በወጣትነታቸው የአሰብን መስመር በከባድ መኪና የተመላለሱ ሹፌር ናቸው። ጋሼ ዘንድ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ መኪናው ጋራዥ ገብታበታለች ወይ ሸጧታል፤ ሦስተኛ ምክንያት የለም። ባለፈው ጥር ከባለቤታቸው ከእትዬና ከአሥራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ጋር ለሁለት ቀን እንደሚመጡ ሲነግሩኝ "ዕቅዱን ለእኔ ተዉልኝ" አልኳቸው። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዳችሁ ሳታዩት ብትመለሱ የሚቆጫችሁን አንድ ቦታ ንገሩኝ። አንድ ብቻ! ሁለተኛ፣ መኪናዋ ሳሪስ፣ እኔ በተከራየሁበት ግቢ ትቆማለች። አከራዬን አስፈቅጃለሁ። እሁድ ከሰዓት እስክትመለሱ ንቅንቅ አትልም።

"አንቺ ልጅ፣ በስተርጅና በእግሬ ልታስኬጂኝ ነው?" አሉ ጋሼ።

"በባቡርም በታክሲም ነው ጋሼ። እግር የሚገባው ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው።"

"መስቀል አደባባይ ሥር የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶ የለም እንዴ?"

ተሠርቷል። በ2013 ዓ.ም. አደባባዩ ታድሶ ሲመረቅ ከሥሩ 1,400 ያህል መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ነበረው። ጋሼ ያነሱት ክርክር ቀላል አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያነሳው ነው። የእኔ መልስ ይኼ ነው፦ መሀል ከተማ የቆመ መኪና እንደ ችካል ነው። በግ በችካል ታስሮ ሲግጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ገመዱ እስከሚፈቅድለት ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። መኪናችሁን መስቀል አደባባይ ካቆማችሁ ፒያሳ ወጥታችሁ፣ ደስ ብሏችሁ፣ በሌላ በኩል ልውረድ ብትሉ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ የምታስቡት ስለ መመለሻው ነው። ከአዳማ ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የፍጥነት መንገድ የተነዳው ከአንድ ችካል ዙሪያ ለመጋጥ አይደለም።

እናላችሁ ምርጫዎቹ መጡ። ልጁ ወዲያው "ሉሲ!" አለ። ጋሼ ትንሽ አስበው "ፒያሳ… ካለች" አሉ። ስልኩን እትዬ ተቀበሉ። "እኔ የትም፤ እናንተ በሄዳችሁበት" አሉ። ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ቆየት ብለው፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ "ያ የመስቀል አደባባዩ… የሰማዕታቱ ቤት ይቻል ይሆን?" አሉኝ።

የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ማለታቸው ነው። እትዬ ታላቅ ወንድም ነበራቸው። በ1970 ዓ.ም. የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። እሳቸው ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። መቃብር የለውም። ሙዚየሙ በ2002 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ እትዬ አዲስ አበባ ስንት ጊዜ መጥተዋል፣ በሙዚየሙ ደጅም አልፈዋል። በመኪና መስኮት። "ጋሼህ አንድ ሁለቴ ይዞራል፣ ማቆሚያ ያጣል፣ ከኋላ ክላክስ ይነፋበታል፣ ሌላ ጊዜ ይሻላል ይለኛል፤ እኔም እውነቱን ነው እላለሁ" ብለው ለልጁ ሲነግሩት በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ "ሌላ ጊዜ"።

ከዚህ በኋላ ዕቅዱ ለእኔ የሽርሽር ዕቅድ መሆኑ ቀረ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ።

አዲስ አበባን ያለ መኪና ለማየት ካርታ ላይ መንገድ ከመፈለግ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገር ከተማዋ ተዳፋት መሆኗን ነው። እንጦጦ ከላይ፣ ቃሊቲ ከታች። ስድስት ኪሎ ከአራት ኪሎ ይበልጣል፣ ፒያሳ ከለገሃር ይበልጣል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ወደ ላይ በታክሲ፣ ወደ ታች በእግር። ይህችን ሕግ የጠበቀ ሰው የእናቱን ጉልበት ሳያስለቅስ ግማሽ ከተማ ያሳያል። ሁለተኛው ሕግ፣ ለግማሽ ቀን አንድ ተዳፋት ብቻ። ጠዋት እንጦጦ፣ ምሳ ቦሌ፣ ከሰዓት መርካቶ የሚል ዕቅድ የባለመኪና ዕቅድ ነው፤ እሱም በወረቀት ላይ ብቻ የሚያምር። ሦስተኛው ደግሞ መጸዳጃና መቀመጫ ነው። አትሳቁ። ሙዚየም ማለት ለሽማግሌ እንግዳ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ መጸዳጃ ያለው፣ ጥላ ያለው፣ አረፍ የሚባልበት ቤትም ነው። ስለዚህ በየመካከሉ አንድ ሙዚየም ይግባ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ መኪናዋን ግቢ አስገብተው ቆለፏት፤ ተመልሰውም መቆለፏን አረጋገጡ። ከሳሪስ ቀላል ባቡር ያዝን። የቃሊቲው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የከተማው ሰው ለመሽርሸር ብቻ ይሳፈርበት ነበር፤ ቲኬቱም እንደ ርቀቱ ሁለት፣ አራትና ስድስት ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ተለውጧል፣ በመለዋወጫ እጥረት የቆሙት ባቡሮች በዝተው ጥበቃው ረዝሟል፣ ግፊያውም ግፊያ ነው። ይህን አልደብቃችሁም። እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ ከሥራ መግቢያ ሰዓት አሳልፋችሁ ውጡ፤ ኪሳችሁንም ያዙ። ጋሼ መጀመሪያ ኮስተር ብለው ቆሙ። ጎተራ ጋ ስንደርስ ግን በመስኮት ወደ ታች ተመልክተው፣ የተደረደረውን መኪና ዓይተው፣ "እነዚህ ዛሬ አይገቡም" ብለው ፈገግ አሉ። አንድ ወጣት ለእትዬ መቀመጫ ለቀቀ።

ስታዲየም ወርደን ወደ መስቀል አደባባይ ተሻገርን። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሙዚየሙ በር ላይ ነበርን። ማንም ክላክስ አልነፋብንም።

ውስጡን ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ከግድግዳው ላይ ፎቶግራፎች አሉ፤ አብዛኞቹ የወጣት ፊት ናቸው፣ የተማሪ ፊት። ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅም አለ፣ ልብስ አለ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ከመጀመሪያው ፎቶ ጀመሩ። አንድም አልዘለሉም። እያንዳንዱ ፊት ፊት ይቆማሉ፣ ያያሉ፣ ይቀጥላሉ። እኔ ልጁን ይዤ ወደ ኋላ ቀረሁ። ጋሼ ጥቂት አብረው ሄደው ወጡና ደጅ ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። የወንድማቸው ፎቶ አልነበረም። እትዬ ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ሲወጡ ከፊታቸው ነው ያወቅነው። ግን ደግሞ ሲገቡ የነበረው ፊት አልነበረም። "ብቻውን አልነበረም" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። "ስንት ናቸው… ብቻውን አልነበረም።"

ጋሼ ቆይተው፣ እትዬ እንዳይሰሙ አድርገው፣ "መኪናዋ ቆማ ቢሆን በአሥር ደቂቃ ነበር የምጠራት" አሉኝ። ምንም አልመለስኩም።

ከዚያ በታክሲ ፒያሳ ወጣን። ጋሼ "ካለች" ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. በአካባቢው ብዙ ቤት ፈርሷል፤ የወጣትነታቸውን ኬክ ቤት ሲፈልጉ ቆሙና እጃቸውን ወደ ባዶ ቦታ ዘረጉ። በዚያው ዓመት የካቲት 3 ቀን የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ግን አለ፣ አራዳ ጊዮርጊስም አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በኮሪደር ልማቱ መንገዶች ላይ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቷል፤ ለእንደኛ ዓይነቱ እንግዳ ይዞ ለሚዞር ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። የሰፋው መንገድ ላይ ስንራመድ ግን እዚያው ይኖሩና ይነግዱ የነበሩት ሰዎች ዛሬ ወዴት ወዴት እንደተበተኑ ማሰብ ደግ ነው። ለጋሼም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ምሳ በልተን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወረድን። ልጁ አንበሳ መቁጠር ጀመረ። የቴዎድሮስ አደባባዩ መድፍ አንበሳ ስላልሆነ ቅር አለው፤ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ ካሰው፤ ለገሃር ያለው ዘውድ የደፋው፣ በወረራው ጊዜ ሮም ተወስዶ የነበረው አንበሳ ደግሞ ሁለተኛው ሆነ። በመኪና ስታልፉ እነዚህ አንበሶች የመንገድ ምልክት ናቸው፦ "አንበሳው ጋ ታጠፍ" ለማለት ያህል። በእግር ስትሄዱ ግን ልጁ ሥራቸው ቆሞ "ማን ሠራው? ለምን ወሰዱት?" ይላችኋል። ለገሃር ደግሞ የባቡር ጣቢያ ነውና እዚያው ተሳፍረን ወደ ሳሪስ ተመለስን። ማንም ወደ ኋላ መመለስ አላስፈለገውም።

እሁድ የሌላኛው ተዳፋት ተራ ነበር። በታክሲ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ቁልቁል። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገባን፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ ሙዚየም ነው። ደጁ ላይ ጣሊያኖች ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እየቆጠሩ ያቆሙት ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ከአናቱ ላይ የተቀመጠው የእኛ አንበሳ ነው። ሦስተኛ! ከዚያ የየካቲት 12 ሐውልት፤ እትዬ እዚያም ቆዩ። ከዚያ ወረድ ብሎ ብሔራዊ ሙዚየም፣ የልጁ ሉሲ፣ የእኛ ድንቅነሽ። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት፣ የምትደነቀውም ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ በመሄዷ ነው። ይህን ልጁ ካነበበ በኋላ ዞር ብሎ፣ "አባባ፣ እሷ በእግሯ ከሄደች እርስዎ ለምን እምቢ አሉ?" አላቸው። ሙዚየሙ ውስጥ መሳቅ ነውር መሆኑን ረስተን ሳቅን። አራት ኪሎ የሚያዝያ 27 ሐውልት ጋ ማኪያቶ ጠጥተን ጨረስን።

ጋሼ ከእንግዲህ መኪና ጠሉ ብላችሁ እንዳታስቡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሪስ ስንደርስ ቦኔቱን ዳሰስ አድርገው "እንዴት አደርሽ" ሲሏት ሰምቻለሁ። መኪና ለአዳማ መንገድ ነው፣ ለአሰብም ነበር፤ ይህን ማንም አይነፍጋቸውም። እኔ የምለው ስለ መሀል ከተማው ነው። የትራንስፖርት ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። ብዙኃኑ እኛ ነን። ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ለሁለት ቀን የምናሳየው ለምንድን ነው ከአሽከርካሪው መስኮት የሚታየውን ከተማ ብቻ?

የእናንተ እንግዳ ከደብረ ብርሃንም ይምጣ ከሐዋሳ፣ ከዳር ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ፈልጉና ለመኪናው ግቢ አስፈቅዱ። ተዳፋቱን ምረጡ። ውኃ፣ ነጠላና ምቹ ጫማ አስይዙ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ደውላችሁ ለእያንዳንዳቸው ያቺን ጥያቄ ጠይቁ፦ ሳታዩት ብትመለሱ የሚቆጫችሁ የት ነው? "እኔ የትም" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን አትዝጉ። ትንሽ ጠብቁ።