አንገር ጉቲን፦ የወለጋ ቆላ ከተማ

በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ዳር የተቆረቆሩት ጥንታውያን ከተሞች፣ የሮማውያን ሠፈር የነበረችው ኮሎኝም ሆነች ሞዜል ከራይን በሚገናኝበት ቦታ የተመሠረተችው ኮብሌንዝ፣ ህልውናቸውን ያገኙት ንግድንና ምሽግን ከሰጣቸው ውሃ ነው። በወለጋ ግን የቀደሙት አበው ከወንዝ ርቀው ደጋውን መረጡ፤ ሸለቆውንም ለአራዊት፣ ለወባና ከብት ለሚፈጀው ገንዲ ተዉት። የሌቃው ባላባት ሞረዳ በከሬና ልጃቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ) መናገሻ ያደረጓት ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መቀመጧ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከነቀምቴ ወደ ቡሬ የሚያደርሰውን መንገድ ይዞ ኡኬን አልፎ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ፣ ነፋሱ እየሞቀ፣ የጤፉ ማሳ ለበቆሎና ለሰሊጥ ስፍራውን እየለቀቀ ሲሄድ አይቶ፣ የአንገርን ወንዝ ተሻግሮ ጉቲን ይደርሳል። አንገር ወደ ምዕራብ ፈስሶ ዴዴሳን ይቀላቀላል እንጂ በቀጥታ ዓባይ አይገባም፤ ይህንንም ነገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ለአውሮፓውያን ያስረዳው ሆላንዳዊው ተጓዥ ሁዋን ማሪያ ሹቨር ነው። የአገሩ ሰው ግን አስቀድሞ ያውቀው ስለ ነበር፣ ለሹቨር የሚቀረው ምስጋና የጽሑፉ ብቻ ይመስለኛል። ዴዴሳም በተራው ዓባይ ስለሚገባ፣ በጉቲን አጠገብ ያለፈው የክረምት ሙላት ዛሬ በጉባ ከተሠራው ታላቅ ግድብ ይደርሳል።

ከተማይቱን ከተማ ያደረጋት የሰፈራው ዘመን ነው። በደርግ ዘመን በዚህ ቆላ የመንግሥት እርሻ ተቋቁሞ ትራክተር ዱሩን ሲመነጥር፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሳቢያ በመላው አገር 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቶ ሲሰፍር፣ ከሰፋሪዎቹ እጅግ ብዙውን የተቀበለች ወለጋ ነበረች፤ ወዶ የመጣም ተገዶ የመጣም፣ ደጋ ለምዶ ያደገ ሰው ወባ በሚነግሥበት ምድር ጎጆ ቀለሰ። ሹማምንቱ ምድሩን «ባዶ» ይሉት ነበር፤ ነገር ግን ሰው ያልሰፈረበት ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት ስላልሆነ፣ የዚያ ዘመን ታላቅ ስሕተት ነባሩን ኦሮሞ ሳያማክሩ፣ ሰፋሪውንም ሳይጠይቁ በወረቀት ላይ መሬት ማካፈላቸው ነው።

ይሁን እንጂ ሕዝቡ ባልመከረበት ውሳኔ ውስጥ የራሱን ኑሮ ሠርቷል። በገበያ ቀን አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ሚዛን ላይ ይገበያያሉ፤ ከወሎና ከጎጃም የመጣው ሰው ልጅ ወለጋ ተወልዶ ሁለቱንም ልሳን ያለ አስተርጓሚ ይናገራል፤ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ጸሎት ቤቱም ምእመኑን ይጠራል። እንዲህ ያለው ኑሮ ግን ሰላም ካልጠበቀው ቶሎ የሚሰበር መሆኑን ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በምሥራቅ ወለጋ የተነሣው ግጭት ከየወገኑ ሰው ገድሎ ብዙውን አፈናቀለ፣ መንገዱንም ደጋግሞ ዘጋ። ለጉቲን መንገድ መዘጋት ቀላል ነገር አይደለም፤ እንደ ራይን ከተሞች በወንዟ ላይ ጀልባ አታመላልስም፣ እህሏም ነቀምቴ ወይም ቡሬ የሚደርሰው በመኪና ብቻ ነውና፣ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር በቆሎው በጎተራ ይነቅዛል፣ ጨውና መድኃኒትም ይወደዳል።