የሞተሬ ጎማ

ዛሬ ስለ ማዳበሪያ አይደለም፣ ስለ ሞተሬ ነው።

የሞተሬ ካርቡራተር ቆሻሻ ይዞ ሲያስቸግረኝ ራሴው ፈትቼ አጠብኩትና መልሼ ገጠምኩት። ተነሳ! ደስ ብሎኝ ከአንበሳሜ ወጣሁ። አንድ አባት ፓምፓቸው ውሃ አልስብ ብሎ ሽንኩርታቸው እየጠወለገ ጉማራ ዳር ይጠብቁኛል። ብዙም ሳልርቅ ሞተሩ ጠፋ። ቆይቼ ስረግጠው ይነሳል፣ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይጠፋል።

በእኔ ሞተር ቤንዚኑ ከሰልባትዮው ወደ ካርቡራተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው፣ የሚገፋው የለም። ሰልባትዮውን ስመልስ ጎማው ሥሩ ታጥፎ ተጨፍልቋል። ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው እስክታልቅ ይሄዳል፣ ከዚያ ቀጥ።

ይሄስ ይሁን። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን ትርፍ ቤንዚን የሚያወጣው ቀጭኑ ጎማ ጫፉ ጭስ ማውጫው ላይ አርፏል። የጋለ ብረት ላይ ቤንዚን! ጉልበቴ ከዳኝ። እስኪበርድ ጠብቄ፣ ዋናውን ጎማ አቃናሁ፤ ቀጭኑን ከጭስ ማውጫውም ከካቴናውም አርቄ ቁልቁል ለቀቅኩት። አሁንማ ምንም ከመፍታቴ በፊት በስልኬ ከግራም ከቀኝም ፎቶ አነሳለሁ።

ስደርስ መሽቷል። «ቀረ ብለን ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ። አፈርኩ። የፓምፑን መሳቢያ ጎማ በስልኬ መብራት ስከተል፣ መሃሉ ከፓምፑ በላይ ጉብ ብሎ ድንጋይ ላይ ወጥቷል። እዚያ ጉብታ ላይ አየር ይጠራቀማል፣ ውሃው ይቆረጣል። ድንጋዩን አነሳን፣ ጎማው ከወንዙ እስከ ፓምፑ ሳይጎብጥ ሽቅብ እንዲሄድ አደረግን፤ ውሃ ሞልተን አስነሳነው። ሳበ።