ዝሆኖቹ ውሃ ሲጎድል ይሰበሰባሉ

ስሪላንካ ደሴት ናት። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። የምትገኘው በህንድ አገር ጫፍ አጠገብ ነው። የድሮ ስሟ ሲሎን ነበር፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1972 ተለወጠ። ስፋቷ 65,610 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ኢትዮጵያ አሥራ ሰባት ጊዜ ያህል ትበልጣታለች።

በዚች ትንሽ አገር ከ20 በላይ ብሔራዊ ፓርኮች አሉ። ብሔራዊ ፓርክ ማለት አራዊቱ እንዳይገደሉ፣ ዛፉም እንዳይቆረጥ መንግሥት ከልሎ የሚያስጠብቀው ቦታ ነው። እንግዳ ሰው ጂፕ ተከራይቶ ይገባል፤ አራዊቱን አይቶ ይወጣል። ይህ ጉብኝት ሳፋሪ ይባላል። ታዲያ ጊዜውም ገንዘቡም ለአንድ ፓርክ ብቻ የሚበቃው ሰው የትኛውን ይምረጥ?

ብዙ ሰው ያላን ይመርጣል። ያላ በደቡብ ምሥራቅ፣ በባሕሩ ዳር ነው። የሚታወቀው በነብር ነው። ነብሩ እንደኛ አገር ነብር ዥጉርጉር ነው። በደሴቲቱ አንበሳ ስለሌለ የሚፈራው አውሬ የለም። በቀን ብርሃን ቋጥኝ ላይ ተጋድሞ የሚታይበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ነብር ታየ በተባለ ቁጥር ጂፑ ሁሉ ወደዚያው ይሮጣል። አቧራው፣ ጩኸቱ፣ ግፊያው ሌላ ነው! በዚያ ላይ ድርቁ ሲበረታ፣ ብዙ ጊዜ በመስከረም ገደማ፣ ዋናው ክፍል ይዘጋል። እኔ ብሆን ያላን አልመርጥም።

ዊልፓቱ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው፤ ግን ብዙ አራዊት ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። ኡዳዋላዌ በአንድ ግድብ ዙሪያ በ1972 የተከለለ ነው። እዚያ ዝሆን ዓመቱን ሙሉ አይታጣም።

በሐምሌና በነሐሴ የሚሄድ ሰው ግን ሚኔሪያን ይምረጥ እላለሁ። እኛ ዘንድ ክረምቱ ሲከብድ በዚያ በኩል በጋ ነው። በሚኔሪያ ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ያሠራው ማሃሴን የሚባል ንጉሥ ነው፤ ከተሠራ 1700 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ንጉሡ ያሠራው ለዝሆን አልነበረም። ለሩዝ እርሻ መስኖ ነበር፤ ዛሬም ገበሬው ሩዙን ያጠጣበታል። በበጋ ውሃው ሲሸሽ፣ በሸሸበት መሬት ላይ ለምለም ሣር ይበቅላል። ያን ጊዜ ዝሆኖቹ ከየጫካው ይመጣሉ። ማታ ማታ ፀሐይ ሲበርድ ሦስት መቶ ያህል ዝሆን በአንድ ላይ ሲግጥ ይታያል። እናቶች አሉ፤ ግልገሎች አሉ። ጆሯቸው ከኛ አገር ዝሆን ጆሮ ያንሳል። ከወንዶቹም ብዙዎቹ ረጅም ጥርስ የላቸውም።

ዝሆኖቹ ግን በፓርኩ ውስጥ ብቻ አይቀሩም። ሌሊት ወጥተው ሩዙን ይበላሉ፤ ቤት ያፈርሳሉ። ገበሬው እንደኛው ገበሬ ማማ ሠርቶ ሲጠብቅ ያድራል። ርችት እየተኮሰ ያባርራል። አንዳንዱ መንደር የኤሌክትሪክ ሽቦ አጥር አለው። በ2019 በዚች አገር ከ400 በላይ ዝሆኖች ሞቱ፤ ብዙዎቹን የገደለው ሰው ነው። በዚያው ዓመት ከ100 በላይ ሰዎችን ዝሆን ገደላቸው። ሳፋሪ የሚሄድ ሰው ይህንንም ቢያውቅ ጥሩ ነው። እሱ ለማየት ገንዘብ የከፈለበት ዝሆን ያን ገበሬ እንቅልፍ የነሣው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሌላ ግድብ ውሃ ስለሚጨመር፣ ሚኔሪያ እንደ ወትሮው ሳይጎድል የቀረባቸው ዓመታት አሉ። ያን ጊዜ ሣሩ በውሃ ይሸፈናል፤ ዝሆኖቹም ይበታተናሉ። ስለዚህ ሰውየው የጂፑን ኪራይ ከመክፈሉ በፊት፣ «ዘንድሮ ውሃው ጎድሏል ወይ?» ብሎ ሹፌሩን ይጠይቅ። ካልጎደለ አጠገቡ ካውዱላ የሚባል ሌላ ፓርክ አለ። ዝሆኖቹ በሁለቱ መካከል ይመላለሳሉ።