ከወገዳ በስተደቡብ ስለሚታየው ሩቅ የከዋክብት ጭፍራ

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የጉናን ተራራ ወደ ኋላው ትቶ በእስቴ ደጋ በኩል ወደ ስማዳ የሚጓዝ ሰው ወገዳን ያገኛል። ከዚያ በስተደቡብ አገሩ እየተቆራረጠ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ክረምቱ አልፎ የሕዳር ሰማይ በጠራ ጊዜ፥ ከከተማው ጥቂት ፈንጠር ብለን ስንመለከት ከዋክብቱ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ወርደው እናያቸዋለን።

በዚያው በደቡብ በኩል ዓይን ብቻውን የማያገኘው፥ በቴሌስኮፕ ግን የሚታይ አንድ ታላቅ የከዋክብት ጭፍራ አለ። የሰማይ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ጋላክሲ ይሉታል፤ የዚህኛውም መጠሪያ በመዝገባቸው ኤን ጂ ሲ 1365 ነው። ሥፍራው በላቲን ፎርናክስ፥ ትርጓሜውም ምድጃ በተባሉት ከዋክብት መካከል ነው። በሕዳር መጀመሪያ እኩለ ሌሊት ላይ፥ በታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ ከሌሊቱ 3 ሰዓት ገደማ ከወገዳ አድማስ እስከ ሰማዩ መካከል ካለው መንገድ እኩሌታውን ያህል ከፍ ይላል። በስቶክሆልም ለሚኖሩ ሰዎች ግን ፈጽሞ አይወጣላቸውም። መጀመሪያ ያገኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ደንሎፕ በአውስትራልያ ሆኖ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1826 ዓ.ም. ነው።

ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከዚህ ጭፍራ እኛ ዘንድ ለመድረስ ግን 60 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። የጭፍራው ወርድ 200,000 የብርሃን ዓመት ይሆናል። በመካከሉ ከከዋክብት የተሠራ እንደ በር መቀርቀሪያ ያለ ነገር ተጋድሟል፤ ከሁለቱም ጫፎቹ ክንዶች ተነሥተው ይጠመዘዛሉ። መቀርቀሪያው እንደ ቦይ ሆኖ ጋዝና አቧራውን ወደ መካከሉ ያወርዳል፤ በዚያም አዳዲስ ከዋክብት ይወለዳሉ። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ከከዋክብቱ አንዱ ሲፈነዳ ታይቷል።

ይህን ማወቅ ለእኛ ምን ይረባናል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው የቤቱን ጣራ ከውጭ ማየት እንደማይችል፥ እኛም የምንኖርበትን ፍኖተ ሐሊብን ከውጭ ማየት አንችልም። እርሱም ባለ መቀርቀሪያ ስለ ሆነ፥ የራሳችንን ቤት መልክ የምንረዳው የሩቁን ጎረቤት ቤት በመመልከት ነው።

ለዚህ ደግሞ ጨለማ ያስፈልጋል። በእንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ መብራት ወደ ሰማይ እየወጣ ስለሚያውካቸው፥ ሊቃውንቱ በላሊበላ አካባቢ ተራሮች ላይ ሌላ ሥፍራ ሲመረምሩ ቆይተዋል። መብራት ለሕዝብ ሁሉ የሚገባ በጎ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የመንገዱ ፋኖስ ወደ ምድር ብቻ እንዲያበራ ክዳን ቢደረግለት መንገደኛውም አይሰናከልም፥ ሰማዩም አይሰወርም። የገጠር ከተሞችን የሚያለሙ ሹማምንት ይህን ከአሁኑ ቢያስቡበት፥ የወገዳ ልጆች ከአባቶቻቸው የወረሱትን ሰማይ ለልጆቻቸው ማሳየት ይችላሉ።