ከዘንዘልማ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ብዙ ሳይርቅ ዘንዘልማ ከምትባል መንደር ይደርሳል። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ የሚገኝባት ይህች መንደር፥ በደጇ መኪና ሲመላለስ ቢውልም፥ ጥማድ በሬና አውድማ ያልተለያት የገበሬ አገር ናት። ወር በገባ በ16ኛው ቀን የኪዳነ ምሕረትን ዝክር የሚዘክር ቤት በዚያ ብዙ ነው።

ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት በዓል ወደ ጣና ስሄድ በዘንዘልማ በአንዲት አረጋዊት እናት ቤት በእንግድነት አደርሁ። ከራት በኋላ እሳቱን እየቆሰቆሱ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፥ ዝክሯን አንድ ወር ሳላጓድል ይኸው ጠጉሬ ሸበተ። ሆኖም ሌሊት ሌሊት ፍርሃት ይይዘኛል። ልጄን ክርስትና ካነሣችልኝ ከአበልጄ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልተን፥ ሰላምታ ከተነፋፈግን ሰባት ዓመታችን ነው። እንደ እኔ ያለችውን እመቤቴ ታማልዳት ይሆን?»

መልስ አጣሁ፤ ጥያቄው በእኔም ልብ ውስጥ ሳይመለስ የኖረ ነበርና። «ነገ አብረን እንሂድና አባቶችን እንጠይቅ» ብዬ ነገሩን አሳደርሁት።

በማግሥቱ የካቲት 15 ቀን በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን ባሕር ዳር ገባን፤ ከምእመናንም ጋር በሞተር ጀልባ ተሳፍረን ወደ ዘጌ አመራን። ጣና ፀጥ ብሎ ነበር። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አስጋሪዎች በአጠገባችን ያልፋሉ፤ ከፊታችን የክብራን ገብርኤል ደሴት ይታያል። ከዚያ ርቆ በሐይቁ መካከል ደጋ እስጢፋኖስ አለ። የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ፥ ተአምረ ማርያምም በየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲነበብ ያዘዙት የ15ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዐፅማቸው ያረፈው በዚያ እንደ ሆነ ይነገራል። ይህ ሐይቅ የምልጃን ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በዐፅምና በሥዕልም ጠብቆ ያቆየ ነው።

ከአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ ዘጌ ወርደን፥ በቡናው ደን ውስጥ የድንጋዩን መንገድ ወጣን። ገዳሙን በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ በትረ ማርያም እንደ መሠረቱት በትውፊት ይነገራል። ክቡን ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሞልቶ ያየዋል። አንድ አረጋዊ መነኵሴ በመቋሚያቸው እያመለከቱ ሲያስረዱን ከበላዔ ሰብእ ሥዕል ዘንድ ደረስን።

የዚህን ሰው ታሪክ የማያውቅ ክርስቲያን ጥቂት ነው። የቅምር ሰው በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ ከበላ በኋላ፥ ውኃ የጠማው ሕመምተኛ ድኻ በመንገድ አገኘ። ድኻው በብዙ ስም ቢለምነው እንቢ አለው፤ በእመቤታችን ስም በለመነው ጊዜ ግን ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በሚዛን ላይ የዚያ ሁሉ ሰው ደም በአንድ ወገን፥ ጥርኙ ውኃ በሌላው ወገን ሆኖ ሳለ፥ የእመቤታችን ጥላ ባረፈበት ጊዜ ውኃው መዘነ።

እናታችን ወደ መነኵሴው ቀርበው ችግራቸውን ነገሯቸው። አባም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉ፤ «እናቴ፥ በደሙ ከአባቱ ያስታረቀን አንዱ ክርስቶስ ነው፤ የቅዱሳን ጸሎትም ወደ እርሱ የሚቀርብ ነው እንጂ በእርሱ ፈንታ የሚቆም አይደለም። አብርሃም ስለ ሰዶም ለመነ። እመቤታችን በቃና ወይን ማለቁን ለልጅዋ ነገረች፤ ውኃውን የለወጠው ግን እርሱ ነው። አገልጋዮቹንም የሚላችሁን አድርጉ ብላ ወደ እርሱ መራቻቸው። እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ጥርኙ ውኃ የተሰጠው ለማን ነው?»

«ለተጠማ ሰው» አሉ እናታችን።

«አዎን፤ ስሟን አክብሮ ለተጠማ ሰው ሰጠ። ተስፋችን መልሕቅ ነው ብሎ ሐዋርያው አስተምሮናል። መልሕቁን የያዘልን የእርሱ ቸርነት ነውና አይፍሩ፤ ገመዱን ግን በቂም አይቍረጡት። ይማልዱልኛል እያለ በደሉን የሚያበዛ ሰው ሚዛኑን አላየም፤ በደሌ ስለ በዛ አይማልዱልኝም የሚልም ውኃውን አላየም።»

ሌሊቱን በማኅሌቱ ቆመን፥ ቅዳሴውን አስቀድሰን ተመለስን። በጀልባው ላይ እናታችን አንድ ቃል አልተናገሩም።

ዘንዘልማ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። ወደ ቤታቸው የሚወስደውን መንገድ ትተው ወደ ሌላ ግቢ አቀኑ። ከአጥሩ በር ቆመው፥ «አበልጄ! በኪዳነ ምሕረት፥ ከመንገድ መጥቻለሁና ጥርኝ ውኃ አጠጪኝ» ብለው ተጣሩ። ከውስጥ ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልነበረም። በኋላ አንዲት ጠና ያሉ ሴት በሁለት እጃቸው በጣሳ ውኃ ይዘው ወጡ፤ ሲያቀብሉም እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ከውኃው ግማሹ በመሬት ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ግን እናታችን እስኪጨርሱ ጠጡት።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ በየቤታችን ዝክር ስንዘክር፥ ጽዋ ስንጠጣ፥ በደጃችን የተጠማ፥ በጎረቤታችንም የተቀየመ እንዳለ እናስብ። ያን ጊዜ በምልጃዋ የምንታመነው በከንቱ አይሆንም።

የእመቤታችን ምልጃ፥ የልጅዋም ቸርነት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።