የአምስት ብር ክብደት

ሰው ገንዘቡን ለሌላ የሚያስረክበው አምኖ ነው። እምነቱም በሁለት ነገር ላይ የቆመ ነው፤ አንደኛው «የሰጠሁት አይጠፋብኝም» ማለት ሲሆን፥ ሁለተኛው «በእኔና በባልንጀራዬ መካከል አድልዎ አይደረግም» ማለት ነው። ስለ አንደኛው ባንኮቻችንን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም፤ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሁለተኛው ነው።

የምኖረው በጨፋ ሸለቆ፥ በከሚሴ ከተማ ሲሆን፥ ሥራዬ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ መያዝ ነው። አጎቴ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ በደዋ ጨፋ ወረዳ ማሽላና ማሾ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ፥ ገንዘቡን በቤቱ የሸሸገ ሰው ሁሉ እንዴት እንደ ተጨነቀ አይቻለሁና፥ አገር ከተረጋጋ በኋላ «ገንዘብዎን ባንክ ያስገቡ» ብዬ የመከርኋቸው እኔው ነኝ። እሳቸውም ብዙ ካመነቱ በኋላ ከማሾ ሽያጭ ያገኙትን 6,000 ብር አስገቡ። ወለድ መቀበልን ሃይማኖታቸው ስለማይፈቅድ፥ ደብተራቸውን ያወጡት ከወለድ ነፃ በሆነው አገልግሎት ነበር።

አጎቴ ደሴ የምትማር ልጅ አለቻቸው። በየአሥራ አምስት ቀኑ 200 ብር ይልኩላታል። ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ፥ ቅጹን የምሞላላቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን የቀረላቸውን ገንዘብ ቢጠይቁ፥ በልባቸው ካሰቡት ሒሳብ ጋር አልገጥም አላቸው። ዝርዝሩን አስወጥቼ ብመለከት፥ በላኩ ቁጥር 5 ብር የአገልግሎት ክፍያ፥ 75 ሳንቲም ደግሞ ታክስ ተቀንሷል፤ ታክሱም በ2016 ዓ.ም. በወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ መሠረት በክፍያው ላይ የሚታሰበው ከመቶ 15 ነው። በዓመት 24 ጊዜ ልከው 138 ብር ከፍለዋል ማለት ነው።

ይህን በማስረዳበት ሰዓት፥ በከተማችን በሀብታቸው የታወቁ አንድ ነጋዴ ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገቡ። ሻይ ቀረበላቸው። የላኩት ገንዘብ 200,000 ብር እንደ ነበረ ከመስኮቱ ሆነን ሰማን፤ ቀጥሎም ሥራ አስኪያጁ ብቅ ብሎ ጸሓፊውን «የእርሳቸው ክፍያ ይቅር» አለው። የባንኩን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ጉድለት ብቻ አይመስለኝምና።

አጎቴ እስከ በሩ ድረስ ዝም ብለው ሄዱ። ከውጭ ስንደርስ፥ «ልጄ፥ በእኛ ቀዬ ለእረኛ የሚከፈለው በከብቱ ቁጥር ነው። ባለ አንድ ላሙ የአንድ ላም ይከፍላል፤ ባለ መቶው የመቶ። እዚህ ባለ አንድ ላሙ ከፍሎ ባለ መቶው ይማራል?» አሉኝ። ለመዝገብ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት የተቀመጥሁ ሰው፥ መልስ አጣሁ።

ማታ ግን ነገሩን በወረቀት ላይ አሰላሁት። ያ ነጋዴ እንኳ ክፍያው ባይቀርላቸው፥ 5 ብር ከ200,000 ብር ውስጥ ከአርባ ሺህ እጅ አንዱ እጅ ነው። ከአጎቴ 200 ብር ውስጥ ግን ከአርባ እጅ አንዱ እጅ ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን፥ በአንድ ጣሪያ ሥር አንድ ዐይነት ሥራ ቢያሠሩ፥ ሸክሙ በአጎቴ ላይ ሺህ ጊዜ ይከብዳል።

የባንክ ሰዎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ሊናቅ አይገባውም። ለትንሹም ለትልቁም ገንዘብ የሚሠራው ጸሓፊ አንድ ነው፤ ዘበኛውም መብራቱም ኮምፒዩተሩም ያው ነው፤ ብዙ የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ባንኩ በሚያበድረው ገንዘብ ትርፍ ያስገኛል ይላሉ። ነገር ግን አጎቴም ያበድራሉ። ወለድ ስለማይቀበሉ ባንኩ በ6,000 ብራቸው ሲሠራበት አንዳች ነገር አይከፍላቸውም። በነፃ ያበደረ ሰው በላዩ ላይ ክፍያ ሲጨመርበት፥ «ትርፍ የለህም» ሊባል አይገባም።

ወለድ የሚቀበለውም ትንሽ ቆጣቢ ቢሆን ዕድሉ ከዚህ ብዙ አይሻልም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 5 ወደ ከመቶ 7 ከፍ አድርጎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋው ንረት ከመቶ 30 ስላለፈ፥ የተቀመጠው ብር በተቀመጠበት መንምኗል። ብዙ ገንዘብ በጊዜ ገደብ የሚያስቀምጥ ሰው በበኩሉ፥ የወለዱን መጠን ከባንኩ ጋር ተደራድሮ ያስጨምራል። እንግዲህ አድልዎው በክፍያው ብቻ አይደለም፤ ለአንዱ የመደራደሪያ ወንበር ሲዘረጋለት፥ ለሌላው የተቆረጠ ዋጋ ብቻ ይነገረዋል።

ባንክ ወደ አገራችን የገባው በ1898 ዓ.ም.፥ የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ በተከፈተ ጊዜ ነው። በዚያን ዘመን ገበሬ ከባንክ ምንም ጉዳይ አልነበረውም። ዛሬ ግን ለገጠሩ ሰው ቁጠባና ብድር ያደርስ የነበረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም እንኳ በ2014 ዓ.ም. ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ ከወለድ ነፃ አገልግሎትም በ2004 ዓ.ም. በመመሪያ ተፈቅዶ፥ በ2013 ዓ.ም. በዚሁ ብቻ የሚሠራው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀምሯል። በሩ ለሁሉ ከተከፈተ፥ የመግቢያው ዋጋም እንደየዐቅሙ ሊታሰብ ይገባል።

ይህም የማይቻል ነገር አይደለም። የህንድ መንግሥት በነሐሴ 2006 ዓ.ም. በጀመረው ዕቅድ፥ ዝቅተኛ ተቀማጭ የማይጠየቅበት ደብተር ለብዙ ሚሊዮን ድኾች አውጥቷል። እኛም ቢያንስ ሦስት ነገር ልናደርግ እንችላለን። ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ መላኪያ ያለ ክፍያ ይሁን። የክፍያው ሠንጠረዥ በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ በመስኮቱ ላይ ይለጠፍ፤ ለማያነብም ገንዘቡ ከመቀነሱ በፊት በቃል ይነገረው። ለባለጸጋ የሚደረግ ምሕረትም በሥራ አስኪያጅ ቸርነት መሆኑ ቀርቶ በተጻፈ ደንብ ይሁን፤ ደንቡም ከድኻው ይጀምር።

አጎቴ ገንዘባቸውን በሙሉ ሊያወጡ ቆርጠው ነበር። አንድ ወር እንዲታገሡኝ ለምኜ፥ ለባንኩ አቤቱታ ጻፍሁ። «ታሪፉ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ነው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ይህንኑ በነገርኋቸው ጊዜ ጥቂት አሰቡና፥ «አብሽር፤ ልጂቱ ትምህርቷን እስክትጨርስ ይቆይ» አሉ። ገንዘቡ አሁንም እዚያው ነው። እኔም በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅጹን እሞላለሁ፤ አምስቷ ብር በተቀነሰች ቁጥር ግን፥ አምነውኝ ያስገቡት ሰው አጠገቤ ቆመዋልና፥ ቀና ብዬ ማየት ያሳፍረኛል።